ትራንስፈር አድርጌ ሙዚካል ቲያትር መማር እፈልጋለሁ፣ ያለፈበት ሰው ካለ እርዱኝ

ጥያቄ፦ አልቶ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ አሜሪካ ውስጥ የአራት ዓመት ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሜጀሬ ሙዚቃ ነው፣ ቮይስ፣ ክላሲካል ነው የሚያስተምሩን የጣልያንኛ የጀርመንኛ ዘፈን ምናምን። እወደዋለሁ ግን ባለፈው ሴሚስተር የቲያትር ዲፓርትመንት ልጆች በሰሩት ሙዚካል ውስጥ ኮረስ ገብቼ ከዘፈንኩ በኋላ ልቤ እዛው ቀረ፣ እየተወንኩ መዝፈን ነው የምፈልገው። የኔ ኮሌጅ ደግሞ ሙዚካል ቲያትር ሜጀር የለውም። ወደሚሰጥ ኮሌጅ ትራንስፈር ላድርግ ብዬ ወስኛለሁ ግን ያልገባኝ ብዙ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ 60 ክሬዲት ይኖረኛል፣ ይሄ ሁሉ ይቆጠርልኛል ወይስ ከአንደኛ ዓመት ነው የምጀምረው? ኦዲሽኑ ምን ይመስላል? ዳንስ ተምሬ አላውቅም፣ ይሄ ብቻውን ይጥለኛል? ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፔል ግራንትም (የማይመለሰው የፌደራል የትምህርት እርዳታ) አገኛለሁ፣ ስቀይር ይቀርብኛል? ቤተሰቦቼ አልተቃወሙኝም፣ ግን አባቴ ስንት ዓመት ነው የሚጨምርብሽ ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጣሁ።

ባሪቶን

እህቴ እኔ በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት፣ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ ሄጄ ቢኤፍኤ (ባችለር ኦፍ ፋይን አርትስ) ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ የአባትሽን ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሚው ምክንያቱም ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ክሬዲትሽ ሊቆጠር ይችላል፣ ዓመትሽ ግን ላይቆጠር ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢኤፍኤ የሚባለው ዲግሪ በብዛት ሁለት ሦስተኛው ኮርስ እዛው ሙያው ውስጥ ነው፣ አክቲንግ፣ ቮይስ፣ ዳንስ፣ የሙዚቃ ቲዎሪ፣ እና እነዚህ ኮርሶች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረደሩ ነው የሚሄዱት፣ አክቲንግ አንድን ሳትጨርሺ ሁለት አትገቢም፣ በዛ ላይ አብረውሽ የገቡት ልጆች ጋር አራት ዓመት ሙሉ አንድ ክላስ ነው የምትሆኑት፣ መሀል ላይ ሰው ማስገባት ስለማይፈልጉ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የትራንስፈር ተማሪን ስቱዲዮ (የሙያ ኮርሶቹ) ውስጥ ከአንደኛ ዓመት ነው የሚያስጀምሩት፣ 60 ክሬዲት ይዘሽ ብትመጪም። እንግሊዝኛው፣ ሂሳቡ፣ ታሪኩ ተቆጥሮልሽ ግን አራት ዓመት ትማሪያለሽ ማለት ነው። እኔን እንደዛ ነው ያደረጉኝ፣ ጄኔራል ኤዱኬሽኑ ስለተቀነሰልኝ ጊዜ ነበረኝና በትርፉ ማይነር (ከሜጀሩ ጎን ሁለተኛ አነስ ያለ የትምህርት ዘርፍ) ያዝኩበት፣ አልጎዳኝም፣ ግን አውቄ ነው የገባሁት።

ስለዚህ ገና ሳታመለክቺ ለዲፓርትመንቱ ኢሜይል ጻፊ፣ አድሚሽን ኦፊስ ብቻ እንዳይሆን፣ ስቱዲዮው ውስጥ የት እንደምትመደቢ የሚወስነው ዲፓርትመንቱ ነው። ጥያቄሽም ክሬዲቴን ትቀበላላችሁ ወይ ሳይሆን "የትራንስፈር ተማሪ የስቱዲዮ ኮርሶቹን ከየትኛው ዓመት ይጀምራል፣ ለመመረቅስ ስንት ሴሚስተር ይቀረዋል" የሚል ይሁን። መልሱን በጽሁፍ ያዢው። ሌላው፣ በአብዛኛው ከሲ በታች የሆነ ውጤት አይሻገርም፣ ክሬዲቱ ሲሻገርም ጂፒኤሽ አብሮ አይሄድም፣ እዛ ከአዲስ ነው የሚጀመረው። የወሰድሻቸውን የቲዎሪና የኢር ትሬይኒንግ (ሙዚቃን በጆሮ የመለየት ልምምድ) ሲላበሶች በሙሉ አሁኑኑ ሰብስቢ፣ የኮርሱ ስም ሳይሆን ምን እንደተማርሽ ነው የሚያዩት።

የልጅ እናት

ልጄ እንኳን ቤተሰቦችሽ ደገፉሽ። እኔ ስለገንዘቡ ልንገርሽ፣ የኔም ልጅ አርት ነው የተማረችው እና የፋይናንሻል ኤይዱን ወረቀት ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ፔል ግራንት ስትቀይሪ አይቀርም፣ አንቺን ነው የሚከተለው፣ ፋፍሳው (የፌደራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጹ) ላይ ግን አዲሱን ኮሌጅ መጨመር አለብሽ። ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ነገር ግን በዕድሜ ልክ 12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ብቻ ነው የሚሰጠው። አንቺ ሁለተኛ ዓመት ስትጨርሺ አራቱን ተጠቅመሻል፣ ስምንት ቀረሽ፣ ከላይ ወንድማችን እንዳለው እንደገና አራት ዓመት ካስጀመሩሽ ስምንቱም ያልቃል፣ አንድ ሴሚስተር እንኳን ብትጨምሪ ፔል የለም። ሰመር ላይ ከወሰድሽም ከዛው ላይ ነው የሚቀነሰው።

ብድሩም ገደብ አለው፣ በቤተሰብ ስር ያለ ተማሪ በስሙ ከመንግስት መበደር የሚችለው ባጠቃላይ 31,000 ዶላር ነው፣ እስካሁን የወሰድሽውን ቀንሺና ቀሪው ለአራት ዓመት ይበቃ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ትልልቁን ስኮላርሺፕ ከሃይስኩል ለሚመጡ ነው የሚያስቀምጡት፣ ድረ ገጹ ላይ ያየሽው ብር ለትራንስፈር ተማሪም ይሁን አይሁን ስልክ ደውለሽ ጠይቂ። ታለንት ስኮላርሺፕ የሚባል በኦዲሽኑ ውጤት የሚሰጥ አለ፣ እሱን ለብቻው ጠይቂ። አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር ደግሞ፣ የፌደራል እርዳታ ለማግኘት ዲግሪው ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 ፐርሰንት ሳታልፊ መጨረስ አለብሽ፣ 120 ከሆነ 180 ማለት ነው፣ አዲሱ ኮሌጅ የተቀበለልሽ ክሬዲትም እዛ ውስጥ ይቆጠራል።

ፒያኖ አጃቢ

ለኦዲሽን ተማሪዎችን በፒያኖ አጅባለሁ፣ ስለዚህ እሱን እኔ ልመልስ። አብዛኞቹ ጋር ለትራንስፈሩም ለፍሬሽማኑም ኦዲሽኑ አንድ ነው። መጀመሪያ ፕሪስክሪን የሚባል ቪዲዮ ትልኪያለሽ፣ በልግ ላይ ነው የሚላከው፣ ካለፍሽ ጥርና የካቲት አካባቢ ላይቭ ትጠሪያለሽ፣ ወይ ኮሌጁ ድረስ ወይ ዩኒፋይድ ኦዲሽን የሚባሉት ላይ ኒውዮርክ፣ ቺካጎ፣ ሎስ አንጀለስ፣ እዛ ብዙ ኮሌጅ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ያይሻል። ስለዚህ ለሚቀጥለው መስከረም ለመግባት ዝግጅቱ ከዓመት በፊት ነው የሚጀመረው፣ አሁን ሚያዝያ ላይ ሆኖ ለዘንድሮ የሚያስብ ሰው ብዙው በር ተዘግቶበታል።

ሁለት ዘፈን ይጠይቁሻል፣ የማይመሳሰሉ፣ አንዱ ቀደም ያለ ዘመን የሆነ አንዱ የአሁን፣ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ እስከ ደቂቃ ተኩል፣ ሙሉውን አይደለም ተቆርጦ ነው። ሞኖሎጉ (ብቻሽን የምትተውኚው ንግግር) ደግሞ ከሙዚካል ሳይሆን ከቲያትር ይሁን፣ ባንቺ ዕድሜ ያለች ሰው የምትናገረው። ከክላሲካል የሚመጡ ልጆች ላይ የማየው ችግር ድምፁ አይደለም፣ ድምፃቸው ከብዙዎቹ ይሻላል፣ ችግሩ ቶኑን ለማሳመር ሲሉ ቃሉን ይውጡታል። ሙዚካል ቲያትር ላይ ለማን ነው የምትዘፍኚው፣ ከሰውየው ምን ፈልገሽ ነው፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ምን ተለወጠ፣ ይሄን ነው የሚያዩት። ግጥሙን መጀመሪያ ያለዜማ እንደንግግር በዪው፣ ለሰው እየነገርሽ፣ ከዛ ነው ዜማው የሚመለሰው። ቤልት የሚባለውን የድምፅ አወጣጥ ደግሞ በራስሽ ከዩቲዩብ እያየሽ አትሞክሪ፣ ጉሮሮሽን ትጎጂያለሽ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ አስተማሪ ፈልጊ።

ዳንሱ ብቻውን አይጥልሽም፣ ዳንስ ኮል (የኦዲሽኑ የዳንስ ክፍል) ላይ የሚያዩት ቶሎ ትይዢ እንደሆነና ስትሳሳቺ ፊትሽ ይጠፋ እንደሆነ ጭምር ነው። ግን ከዜሮ አትግቢ፣ ኮሌጅሽ ባሌት ወይ ጃዝ ለጀማሪ ካለው በሚቀጥለው ሴሚስተር ያዢው፣ ክሬዲትም ይሆንሻል።

ቤቲ ኒው

ይቅርታ ጥያቄ ላይ ጥያቄ ሆነብኝ፣ እኔ ኤፍ ዋን ቪዛ (የውጭ አገር ተማሪ ቪዛ) ላይ ነኝ፣ ለኔም ይሄው ነው?

ባሪቶን

ቤቲ ፋፍሳና ፔል ላንቺ የለም፣ ኮሌጁ ራሱ ለኢንተርናሽናል ተማሪ የሚሰጠውን ነው የምትጠይቂው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሴቪስ ሪከርድሽ (መንግስት የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተልበት መዝገብ) ከድሮው ኮሌጅ ወደ አዲሱ መሻገር አለበት፣ አዲሱ ሲቀበልሽ ለድሮው ዲኤስኦ (የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘው የኮሌጁ ሰራተኛ) ትነግሪና መልቀቂያ ቀን ትወስናላችሁ፣ አዲሱ አይ ትዌንቲ (ለተማሪ ቪዛ ኮሌጁ የሚሰጠው ቅጽ) ያወጣልሻል። በመሀል ያለው ክፍተት ከአምስት ወር መብለጥ የለበትም። ሴሚስተር ዘልለሽ ለኦዲሽን ልዘጋጅ እንዳትዪ።

ሰሎሜ ሜዞ

እኔ ትንሽ እለያለሁ። ሁሉም ስለ ቢኤፍኤ ነው የሚያወራው፣ አልቶ ግን የሙዚቃ ተማሪ ናት እኮ! ባችለር ኦፍ ሙዚክ በሙዚካል ቲያትር የሚሰጡ አሉ፣ ባልድዊን ዋላስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስታይንሃርትም ቮካል ፐርፎርማንስ ውስጥ አለው። እነዚህ ጋር ቲዎሪ፣ ኢር ትሬይኒንግ፣ ፒያኖ የዲግሪው አካል ስለሆነ የተማርሽው የመቆጠር ዕድሉ የተሻለ ነው፣ ቲዎሪውን ፕሌስመንት ፈተና ተፈትነሽ ከፍ ያለው ላይ ልትገቢ ትችያለሽ። የአክቲንጉ ሰንሰለት እዛም አለ፣ እሱን ጠይቂ።

ቢኤ (ባችለር ኦፍ አርትስ) የሚባለው መንገድም አለ። ኖርዝዌስተርን ለምሳሌ የቲያትር ሜጀር ገብተሽ ነው የሙዚክ ቲያትር ሰርተፍኬቱን የምትጨምሪው። እንደዚህ አይነቱ የቢኤ መንገድ ስቱዲዮው ስለማያስርሽ በሁለት ዓመት ተኩል በሦስት ዓመት የመጨረስ ዕድል አለው። ስም ብቻ አይታችሁም አትሂዱ፣ ጁሊያርድ ሙዚካል ቲያትር ሜጀር የለውም፣ ስንት ሰው ግን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። መድረክ ላይ ደግሞ ዲግሪሽ ቢኤፍኤ ነው ቢኤ ነው ብሎ የሚቀጥርሽ የለም።

አልቶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለ ባችለር ኦፍ ሙዚኩ ጭራሽ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ ሪኮመንዴሽን ከአሁኑ ቮይስ አስተማሪዬ መጠየቅ ነውር ይሆናል? ልሄድ ነው ስላት ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቻለሁ።

ፒያኖ አጃቢ

ምንም ነውር የለውም፣ አስተማሪዎች ይሄን ለምደውታል። ፊት ለፊት ንገሪያት፣ በኢሜይል አይደለም፣ ኮሌጁ ሜጀሩ እንደሌለው እሷም ታውቃለች። ከዴድላይኑ አንድ ወር ቀድመሽ ንገሪያት። ለኦዲሽን ዘፈን ስትመርጪም አማክሪያት፣ ድምፅሽን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የልጅ እናት

ልጄ አሁን ካለሽበት ኮሌጅ ደግሞ ቶሎ ዊዝድሮው እንዳታደርጊ፣ የመቀበያ ደብዳቤውም የክሬዲት ኢቫሉዌሽኑም የኤይዱም ወረቀት ሦስቱም እጅሽ ሳይገቡ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር እዛው ተመዝገቢ፣ ዳንሱን ያዢ። ለአባትሽ ደግሞ በየኮሌጁ የሚቀርሽን ሴሚስተርና የሚከፈለውን በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ስጪው።