የፒንክ ሳልመን መንጠቆ ለግልገል አባይ ነጭ አሳ ይሆናል?

የጣና_ዳር_ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሲያትል ያለው ወንድሜ ለእህታችን ሠርግ ሲመጣ የፍላይ ፊሺንግ ዘንግ ከነማጠንጠኛው፣ ከአንድ ሳጥን መንጠቆ ጋር አመጣልኝ። መንጠቆዎቹ ሁሉም ደማቅ ሮዝ ናቸው፤ ላባና የሚያብለጨልጭ ክር ተጠምጥሞባቸዋል። እሱ እዚያ ፒንክ ሳልመን የሚባለው አሳ ከባሕር ወደ ወንዝ ሲወጣ ነው የሚይዝበት። ቪዲዮውን አሳየኝ፤ ወንዙ በአሳ ጀርባ ጠቁሯል። ወዲያው ትዝ ያለኝ የኛው ነጭ አሳ ነው። ክረምት ሲገባ ከጣና ወደ ግልገል አባይ ይወጣል አይደል? ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ ቆሜ ልሞክር አስቤያለሁ። ፍልሰታም ስለሆነ ለቤት ይሆናል (በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ባናነሳው ደስ ይለኛል)። ጥያቄዬ፦ ይሄ ሮዝ መንጠቆ ለነጭ አሳ ይሠራል ወይ? መወርወሩም አስቸግሮኛል፤ ክሩ ከኋላዬ ሣሩ ላይ እየተጠላለፈ ነው። የምታውቁ እርዱኝ።

ከሲያትል፦
ወንድምህ ጥሩ ዕቃ ነው ያመጣልህ። ከመወርወሩ ልጀምር። በተራው መንጠቆ የሚወረወረው እርሳሱ ነው፤ ክሩ ተከትሎት ይሄዳል። ፍላይ ላይ ግን መንጠቆው ላባ ስለሆነ ክብደት የለውም፤ የምትወረውረው ወፍራሙን ክር ራሱን ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ስትስበው ክሩ ከኋላህ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ድረስ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ነው ወደ ፊት የምትልከው። እንደ ቡሄ ጅራፍ ከጮኸብህ ቸኩለሃል ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ተበጥሶ ሲሄድ አታየውም። ሣሩ ላይ ከወደቀብህ ደግሞ ዘንጉን ወደ ኋላ በጣም ዝቅ እያደረግከው ነው። ትከሻህን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ቀጥ አድርገህ አቁመው።

ወደ ፒንክ ስመጣ፣ ከፓስፊክ ሳልመኖች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። አብዛኛው ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ግዛት በብዛት የሚመጣው በጎዶሎ ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ 2023፣ 2025 እያለ። ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ የጎዶሎው ዓመት ዘርና የሙሉው ዓመት ዘር አይገናኙም። ወንዱ ወንዝ ሲገባ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ ያብጣል። ምግብ መብላትም ያቆማል፤ ሆኖም ሮዝ ነገር አጠገቡ ሲያልፍ ይነክሳል። ወንዙን አቋርጠህ ትወረውራለህ፣ ውሃው እያዞረ ያወርደዋል፣ አንተ በአጭር በአጭሩ ቀስ እያልክ ትስባለህ፣ ክሩ እጅህ ላይ ሲከብድ ዘንጉን ቀና ታደርጋለህ። መንጠቆው አፉን ሳይሆን ጎኑን ወይ ጀርባውን ወግቶት ከመጣ ግን መልሰህ መልቀቅ ግዴታህ ነው፤ ሕጉ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ግን ጥርት ባለ ውሃ ላይ ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ የነሐሴን ግልገል አባይ አውቀዋለሁ። ውሃው አፈር ነው። ሮዝም አድርገው ወርቅ፣ አሳው አያየውም።

የውሃ_ተማሪ፦
ከቀለሙ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። እኔ ስለ አሳ ነው የተማርኩት፣ ይሄ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ትንሽ ላርዝመው።

ሁለቱም ወንዝ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፒንክ ሳልመን በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ወንዱም ይሞታል። ብትይዛትም ባትይዛትም ወደ ባሕር አትመለስም። ስለዚህ እዚያ የሚጠነቀቁት ለዘር የሚበቃ አሳ ወደ ላይ ማለፉን ነው፤ ያ ካለፈ የተረፈውን ሰው ቢይዘው ጉዳት የለውም። የኛ ነጭ አሳ ግን እንቁላሏን ጥላ ወደ ጣና ትመለሳለች። ለከርሞም ትወጣለች። ለመጀመሪያው እንቁላል ለመድረስ ራሱ ዓመታት ይፈጅባታል። ወንዝ አፍ ላይ የያዝካት አንዲት እናት አሳ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉትን ክረምቶች እንቁላል ይዛ ነው የምትሄደው።

ደግሞ ነጭ አሳ ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ 15 ያህል ዝርያ ነው። ሳይንሱ ላቤዮባርበስ ይለዋል። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ጢስ አባይ ፏፏቴ ወደ 40 ሜትር ስለሚሆን ከታች ያለው አሳ ወደ ላይ አያልፍም፤ የጣናው ለብቻው ተነጥሎ ብዙ ዓይነት ሆነ። ስምንቱ ሌላ አሳ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባል ሐይቅም እንዲህ ያለ ሀብት ነበረው፤ የዛሬን አያድርገውና አብዛኛው አልቋል።

ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አንተ ልቁም ያልክበት ቦታ ማለት ነው። መረቡም እዚያው ነው የሚዘረጋው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ፣ አሥር ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ አሳ ብዛት 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የአንተ አንድ ዘንግ ከመረቡ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። ቢሆንም እዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያ ወር፣ እባክህ ተው።

የወተት_አባዩ፦
እረግ! ስለ ወንዜ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጄ፣ እኔ ያደግሁት ከድልድዩ ሥር ነው። ልጅ ሆነን መስከረም ሲጠባ፣ ውሃው ጎደል ሲል ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች እንወርዳለን። የብርብራ ፍሬ ለቅመን ድንጋይ ላይ እንወቅጣለን። ዱቄቱን ኩሬው ላይ ስንበትነው ውሃው አረፋ ይደፍቃል። ትንሽ ቆይቶ አሳው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ መንሳፈፍ ይጀምራል። ትልልቁን እንለቅማለን፤ ጣት የማያህለውን ሁሉ እንደተንሳፈፈ ትተነው እንሄዳለን። ቤት ወስደን ስንቀደው ዳጉሳ የሚያክል ቢጫ እንቁላል ከሆዷ ይፈስሳል፤ አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ። እናቴ ለድመት ትሰጠው ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም። ዛሬ ያችን ኩሬ ሳልፍባት ዓይኔ ይፈልጋል፤ ክንድ የሚያህል አሳ ካየሁባት ብዙ ዓመት ሆነኝ።

የግልገል አባይ ገባር የሆነው ቆጋም ተገድቧል። 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ ነው የተሠራው፤ ለመራዊ አካባቢ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። አሳ ግን ግድብ አይዘልም፤ አንዱ መንገዱ ተዘጋበት። የቀሩትን መንገዶች እንተውለት።

ዘንግህን አትስቀለው። ኅዳር ይግባ። ውሃው ይጠራል፣ አሳውም ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ያኔ ጣና ዳር ወይም አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ሞክር። ማለዳና ማታ ግን ጉማሬ አለና ብቻህን አትውረድ። ከመውረድህ በፊትም የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

የጣና_ዳር_ልጅ፦
አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የነገሩኝን ለእናቴም አነበብኩላት። ተውኩት፣ ነሐሴ ላይ አልወርድም። @የውሃ_ተማሪ፣ እንደሚሞትና እንደማይሞት ለይቼ አላውቅም ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ያ ሁሉ አሳ ሲያዝ እዚህም እንደዚያ የሚቻል መስሎኝ ነው። በዚሁ ልጠይቅ፦ ስምንቱ አሳ አሳዳጅ ከሆኑ ኅዳር ላይ ትንሽ አሳ የሚመስል መንጠቆ አይሻልም? እሱን ከየት አገኛለሁ?

ከሲያትል፦
በትክክል ነው ያሰብከው። ራስህ ሥራው፤ ፍላይ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ በውድ የሚገዙት ላባ እኮ የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ለበዓል ገብስማ ሲታረድ አንገቱ ላይ ያለውን ረጅሙን ላባ አስቀምጥ። መንጠቆው ላይ ነጭ የበግ ጠጉር በክር እሰር፣ ገብስማውን በግራና በቀኝ ደርብበት። ውሃ ሲነካው ዥንጉርጉሩ ልክ የትንሽ አሳ ጎን ይመስላል። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ ደግሞ በጉጠት ጨፍልቀው፤ ለመልቀቅ ስትፈልግ አፏን ሳትቀድ ትወጣለች።

የጣና_ዳር_ልጅ፦
ኅዳር 19 ነው ዛሬ፤ የሆነውን ልንገራችሁ። የአጎቴን ልጅ ይዤ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወረድን። እምቦጩ ክሩን እየያዘ ሁለት ሰዓት አለፋን። ከዚያ ድንጋዮቹ ጋ ጥርት ያለ ቦታ አገኘን። ክሩ ከኋላዬ እስኪዘረጋ ጠበቅኩ፣ ወረወርኩ፣ በአጭር በአጭሩ ሳብኩ። ሦስተኛው ላይ ዘንጉ ጎበጠ። ነጭ አሳ ነበረች፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ። ጎኗ ወርቅማ፣ ከንፈሯ ወፍራም። የገብስማው ላባ ከአፏ ጥግ ላይ ተለጥፎ ነበር። ውሃው ውስጥ እንዳለች በሁለት እጄ ያዝኳት፣ ስንጥቧ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት፣ ከዚያ ጅራቷን አንድ ጊዜ መታችና ሄደች። የአጎቴ ልጅ ለምን ለቀቅካት ብሎ እስካሁን አኩርፎኛል። ቅዳሜ ለቤት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ልንሞክር ተስማምተናል።