ለ76 ሴንቲ ሜትር እግር 172.5 ሚሊ ሜትር ክራንክ ይረዝማል?

የሽምብጥ ጋላቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሞልቶ ሳለ ስለ ኮርስ ብስክሌት ልኬት የሚያማክረኝ በቅርብ ስላላገኘሁ ጥያቄዬን እዚህ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ የኮርስ ብስክሌት ገዝቼ ቅዳሜና እሑድ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ጊዜ ሲኖረኝ ደግሞ የፎገራን ሜዳ አቋርጬ እስከ ወረታና ከዚያም አልፎ እጋልባለሁ። ቁመቴ 165 ሴንቲ ሜትር፣ የእግሬ ርዝመት ከጉያዬ እስከ ወለል 76 ሴንቲ ሜትር ነው። ክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሉን ከመካከለኛው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ በውስጥ ጎኑ 172.5 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል።

ሜዳ ላይ ቀና ብዬ ስሄድ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና በኩል ሲነሳ ጎንበስ ብዬ የመሪውን የታችኛውን ጥምዝ ከያዝኩ፣ ፔዳሉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጭኔ ሆዴን ይነካል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበቴን ከፊት በኩል፣ ልክ ከሎሚው ሥር፣ ያመኛል። ክራንኩን በ165 እንድለውጥ የመከሩኝ ሰዎች አሉ። ወጪው ቀላል ስላልሆነ ለውጡ በእርግጥ ይጠቅመኝ እንደሆነ፣ ዳገት ላይ ደግሞ አቅም የሚያሳጣኝ እንደሆነ፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ዓባይ ማዶ፦
ወንድሜ፣ ክራንክ ከመግዛትዎ በፊት የኮርቻውን ከፍታ ይለኩ። የጉልበት ሕመም ከፊት በኩል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኮርቻው ዝቅ ማለቱ ወይም ከባድ ማርሽ በዝግታ መግፋት ነው፤ ከኋላ በኩል ሲሆን ግን ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ብሎ እንደሆነ ይጠረጠራል። አሜሪካዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ግሬግ ለሞንድ ያስተዋወቀው የታወቀ ስሌት አለ፤ የእግርን ርዝመት በ0.883 ማባዛት ነው። በእርስዎ ልክ ከመካከለኛው ዘንግ ማዕከል ተነሥቶ የኮርቻውን ቱቦ ተከትሎ እስከ ኮርቻው አናት 67.1 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 76 ያሉትን ቁጥር የሱሪ ርዝመት በመለካት ያገኙት ከሆነ አይጠቅምም። ጫማዎን አውልቀው ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መካከል አስገብተው የኮርቻን ያህል እስኪጫንዎ ወደ ላይ ይግፉት፣ ከዚያም ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ሌላ ሰው ይለካልዎት።

ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከ1,800 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ግድም የሚወጣ መንገድ መሆኑንም አይዘንጉ። እዚያ ጉልበትዎን የሚያሳምመው ማርሹ ሊሆን ስለሚችል፣ የፊቱና የኋላው ስንት ስንት ጥርስ እንደሆነ ቢነግሩን መልካም ነው።

ፔዳል ገፊ፦
ኮርቻው ይቅደም በሚለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ስለ ክራንኩ የተጠየቀው ጥያቄ ሳይመለስ መቅረት የለበትም። ብዙ ሰው ክራንክ በረዘመ ቁጥር ኃይል ይጨምራል ብሎ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2001 ማርቲንና ስፒርዱሶ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ግን ከ120 እስከ 220 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ አምስት የክራንክ ርዝመቶችን አወዳድሮ፣ በ145፣ በ170 እና በ195 መካከል በከፍተኛው ኃይል ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እርግጥ ነው፣ ፍተሻው ለጥቂት ሰከንዶች በሙሉ ኃይል የተደረገ በመሆኑ ስለ ረጅም ዳገት ሁሉን ይናገራል ማለት አይደለም፤ ቢሆንም በሱቅ በብዛት በሚገኙት በ165 እና በ175 መካከል ያለው ልዩነት ኃይል ያሳጣኛል ብሎ መስጋት መሠረት ያለው አይመስለኝም። ስሎቬኒያዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ ታዴ ፖጋቻር ቁመቱ 176 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው 165 ሚሊ ሜትር ክራንክ ገጥሞ ነው።

የአጭር ክራንክ ጥቅሙ ሌላ ነው። ከ172.5 ወደ 165 ሲወርዱ ፔዳሉ ከታች በ7.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ እግርዎ እንደ በፊቱ እንዲዘረጋ ኮርቻውን በዚያው መጠን ከፍ ያደርጋሉ። ከላይ ደግሞ ፔዳሉ ራሱ 7.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። በመሆኑም በላይኛው ነጥብ ላይ በኮርቻውና በፔዳሉ መካከል 15 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ቦታ ይገኛል፤ ጉልበትም ሆነ ዳሌ ያን ያህል ሳይታጠፍ ያልፋል። ጎንበስ ሲሉ ጭንዎ ሆድዎን ይነካል ላሉት ችግር ቀጥተኛው መፍትሔ ይህ ነው። የእግርን ርዝመት በ0.216 የማባዛት ልማድም አለ፤ ለእርስዎ 164 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። እኔ በዚህ ስሌት ብቻ ተመርቶ ገንዘብ ማውጣትን አልመክርም፤ ከ172.5 ይልቅ 165 እንደሚቀርብዎት ለማመላከት ግን ይበቃል።

የሽምብጥ ጋላቢ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው በመጽሐፍ አስለክቼ እግሬ ያው 76 ሆኖ ተገኝቷል። ኮርቻው ግን 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው ያለው። የፊት ማርሾቹ 53 እና 39 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 25 ጥርስ ነው። አሁን ኮርቻውን ከፍ ካደረግሁ በኋላም ክራንኩ ያስፈልገኛል ማለት ነው?

ሰባታሚት ጥገና፦
ሥራዬ ብስክሌት ጥገና ስለሆነ ከዚህ ልቀጥል። ኮርቻው ከስሌቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ ይህም ክራንኩን በመለወጥ ከሚገኘው 15 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በአንድ ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረጉት ግን ሌላ ሕመም ሊያመጣብዎት ስለሚችል፣ በ5 በ5 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ በየመካከሉ ጥቂት ጊዜ ይንዱበት። ዳሌዎ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ 67.1 ሳይደርሱም ቢሆን ይቁሙ። ኮርቻው ሲወጣ መሪው በአንጻሩ ዝቅ እንደሚል አይርሱ፤ የሆዱ ነገር በኮርቻው ብቻ ላይፈታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ወጪ የኋላ ማርሽ ይሁን። በ39 እና በ25 የደብረ ታቦርን ዳገት መውጣት ለሠለጠነ ተወዳዳሪ እንጂ ለሌላው ሰው አይመከርም። የማርሽ መቀየሪያው ከፈቀደ ከኋላ 28 ጥርስ ያለው ቢገጠም ፔዳሉ ከአሥር በመቶ በላይ ይቀልላል። ወደፊት ክራንኩን በ165 ቢለውጡም፣ ክንዱ ከአራት በመቶ በላይ ስለሚያጥር ፔዳሉን በመግፋት ላይ የሚጨምረውን ክብደት ይኸው ማርሽ አካክሶ ይተርፈዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነፋስ ላይ ጎንበስ ሲሉ ጭንዎ አሁንም ሆድዎን የሚነካ ከሆነ ክራንኩን ይለውጡ። ሲገዙ 165 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይተው ገንዘብ እንዳይከፍሉ። በድሮዎቹ ብስክሌቶች ላይ አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው ዘንግ በብዛት ይገኛል፤ በአዳዲሶቹ የሺማኖ ክራንኮች ግን ዘንጉ 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባዶ ቱቦ ሆኖ ከቀኙ ክንድ ጋር ተያይዞ ይመጣል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ዓይነቱን ከለወጡ ኩሽኔታውም አብሮ መለወጥ አለበት። የፊት ማርሾቹን አውጥተው አዲሱ ክራንክ ላይ ለመግጠም ካሰቡም የብሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥርና በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ መሆን ይኖርበታል። ፔዳሎቹን ሲፈቱ የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለሆነ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚላላው፤ ይህን ሳያውቁ በጉልበት ታግለው ቀዳዳውን ያበላሹ ብዙ ደንበኞች መጥተውብኛል። ዘንጉን ከጎን በኩል ፎቶ አንሥተው ቢለጥፉልን የትኛው ዓይነት እንደሚገጥምልዎት እነግርዎታለሁ።