«ዩ ኤስ» የሚል ዘለበት ከመሬት አወጣሁ፣ የቀበቶ ነው ወይስ የሌላ ነገር?

ፈላጊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ባለቤቱን በጽሑፍ አስፈቅጄ በሜታል ዲቴክተር (በብረት መፈለጊያ መሣሪያ) እየፈለግኩ ነው፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደር ሰፍሮበት ነበር ይባላል። እንቁላል ቅርጽ ያለው የነሐስ ዘለበት ወጣልኝ፣ ፊቱ ላይ ዩ ኤስ (ዩናይትድ ስቴትስ ለማለት) የሚሉት ሁለት ፊደሎች ጎላ ብለው ይታያሉ፣ ሁለመናው አረንጓዴ ሆኗል። ጀርባው እርሳስ ተሞልቶበታል፣ ከእርሳሱ ውስጥ ደግሞ ሁለት የዛገ ሽቦ ብቅ ብሏል። እዛው አጠገብ ነጭ ነገር የለበሰ ሾጣጣ የእርሳስ ጥይት አገኘሁ፣ ወገቡ ላይ ሦስት ቀለበት አለው ከታች ጎድጓዳ ነው። የቀበቶ ነው እንዴ? ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? በሎሚ ባጥበውስ?

ዝናር፦
ሎሚውን ተወው ወንድሜ፣ ኮምጣጤም እንዳታስነካው! ያ አረንጓዴ ከ150 ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ሆኖ የያዘው ነው፣ አሲድ ካገኘው ይላጥና ያገኘኸው ነገር ትናንት ከሱቅ የተገዛ ይመስላል ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የተጣራ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አፈሩ ሲለቅ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልክ፣ በቃ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ፊት ለፊቱን ሁሉም ሰው ያየዋል ግን ወሬው ያለው ጀርባው ላይ ነው። የቀበቶው ዘለበት ከኋላው ቆዳውን የሚይዝ መንጠቆ ወይም ጉጥ ጉጥ ያለ ነገር አለው። ያንተ ሁለት የሽቦ ቀለበት ከነበረው ግን የቀበቶ አይደለም፣ የጥይት ቦርሳ ክዳን ላይ የሚደረገው ነው። ሽቦው በክዳኑ ቀዳዳ ያልፍና ከውስጥ በኩል ጠፍር ይገባበታል፣ እርሳሱ ደግሞ ክብደት ሆኖ ወታደሩ ሲሮጥ ክዳኑ እንዳይከፈት ይይዘዋል። ከፊት ሲታዩ መንታ ናቸው ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሁሉንም ቀበቶ የሚለው። ኦሪጅናሉ ስስ የነሐስ ቆርቆሮ በቅርጽ ተመትቶ ነው ጀርባው በእርሳስ የሚሞላው፣ ዛሬ ጦርነቱን በትርዒት ለሚያሳዩ ሰዎች ከሚሠራው ብዙው እርሳስ የለውም በእጅ ሲይዙት ቀለል ይላል። የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ በጎን ብርሃን አንስተህ ለጥፍልን፣ ሚዛን ካለህም መዝነው።

ቀለህ ሰብሳቢ፦
ጥይቱ ሚኒዬ ይባላል። ሦስት ቀለበት ያለውና ካሊበሩ ማለትም ስፋቱ 58 ከሆነ (ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር) ለስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ የተሠራው ዓይነት ነው፣ ለእንግሊዙ ኤንፊልድ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጎኑ ልሙጥ ነው። ጎድጓዳው ቂጡ ባሩዱ ሲነድ ይሰፋና የአፈሙዙን የውስጥ ጠመዝማዛ ጥርብ ይይዛል፣ ስለዚህ ተተኩሶ ከሆነ ጎኑ ላይ ሰያፍ መስመር ታያለህ። መስመር ከሌለው ከወታደሩ እጅ የወደቀ ነው። የጥርስ ምልክት ያለበት ካገኘህ ደግሞ ቁስለኛ በሕመም ነክሶት ነው የሚለውን ቶሎ አትመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያኘከው አሳማ ነው። ነጩ ነገር የእርሳስ ዝገት ነው መርዝ ስለሆነ ከነካህ በኋላ እጅህን ታጠብ።

ታሪክ ወዳጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዩ ኤስ ስላለው ብቻ የሰሜን (የፌዴራሉ መንግሥት) ወታደር ሰፈር ነው ብለህ እንዳትደመድም፣ ተገንጣዮቹ የደቡብ ወታደሮችም የማረኩትን ትጥቅ ይታጠቁ ነበር። ቁልፍ ፈልግ። ንስር ያለበት ቁልፍ ጋሻው ላይ አይ ፊደል ካለ የእግረኛ መኮንን፣ ሲ ካለ የፈረሰኛ፣ ኤ ካለ የመድፈኛ ነው። ደግሞ እያንዳንዱን የት ቦታና በምን ያህል ጥልቀት እንዳገኘኸው ጻፍ፣ አለበለዚያ እቃው ታሪኩን ጥሎ ነው ከመሬት የሚወጣው። እና እባክህ ከእርሻው ወሰን አትለፍ፣ በብሔራዊ ፓርክ ሥር ባሉት የጦር ሜዳዎች ዲቴክተሩን ይዞ መገኘት ራሱ በሕግ ክልክል ነው።

ፈላጊው፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ፎቶውን ማታ እለጥፋለሁ። ጥይቱ ላይ ምንም መስመር የለም፣ የዘለበቱም ሽቦዎች አሁን በደንብ ሳያቸው ወደ ውስጥ የታጠፉ ናቸው። አንድ ነገር ቀረኝ፣ እዛው ጉድጓድ ዳር የብርቱካን መጠን ያለው ክብ ብረት ግማሹ ይታያል አንድ በኩል ቀዳዳ ነገር አለው። ላውጣው?

ዝናር፦
አትንካው!! ቀዳዳ ካለው ውስጡ ባሩድ ያለው የመድፍ ጥይት ሊሆን ይችላል፣ ጥቁር ባሩድ ደግሞ በዕድሜ ብዛት አይሞትም። በ2008 እ.ኤ.አ. እዛው ቨርጂኒያ አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ የዚያን ጦርነት ጥይት እያጸዳ ሳለ ፈንድቶበት ሞቷል። በአካፋ አትነካካው፣ ውሃም አታፍስበት። ራቅ ብለህ ቦታውን ምልክት አድርግ፣ ለባለቤቱ ንገረውና ፖሊስ ደውሉ፣ የፈንጂ አምካኝ ቡድን እነሱ ይጠራሉ። እስኪመጡ ከብቱም ትራክተሩም በዚያ እንዳያልፍ።