ሹፌራችን እንደማይመጣ ነገረን፤ ነገ በጆርጂያ አገር ምሥራቅ ባለችው በካኬቲ የወይን መንገድ ያለ መኪና እንዴት እንጓዝ?

መንገደኛ፦ እባካችሁ አስቸኳይ ነው። ከባለቤቴ ጋር በካኬቲ አነስተኛ የወይን ጠጅ ጓዳዎችን ነገ ልንጎበኝ ከአንድ ሹፌር ጋር ተስማምተን ቀብድ ከፍለን ነበር፤ አሁን ግን እንደማይመጣ በአጭር መልእክት አሳውቆን ስልኩን ዘግቷል። አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ የሚራገፍባቸውን ትልልቅ ፋብሪካዎች አንፈልግም። የነገ ማታ አልጋችን እዚያው ካኬቲ፣ ቴላቪ ከተማ ተይዟል። ምን ይሻላል?

ሰላመ ጉዞ፦ አሁን የት እንዳላችሁ አልነገራችሁንም። የምትነሱት ከዋና ከተማዋ ከትብሊሲ ነው ወይስ ካኬቲ ገብታችኋል? መልሱ በዚህ ይለያያል። ደግሞስ ከሁለታችሁ መንጃ ፈቃድ ይዞ የማይጠጣ አለ?

ጋን ወዳድ፦ ከመኪናው በፊት የት እንደመጡ ማወቅ ይገባዎታል። ከትብሊሲ በስተደቡብ በተቆፈሩ ጥንታዊ መንደሮች በተገኘ የሸክላ ስብርባሪ ላይ 8,000 ዓመት ገደማ የሆነው የወይን ጠጅ ቅሪት መኖሩን የሚያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። የካኬቲ ገበሬ ዛሬም ጭማቂውን ከነልጣጩና ከነፍሬው፣ ብዙ ጊዜም ከነዘንጉ፣ ክቬቭሪ በሚባለው እስከ አፉ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን ያፈላዋል፤ ለወራትም እዚያው ያቆየዋል። ከነጭ ወይን የተሠራው መጠጥ የማር ቀለም የሚያወጣውና ምላስ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዩኔስኮም አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ይህ በጥድፊያ የሚታይ ነገር አይደለም።

ፌዘኛው፦ ለትምህርቱ እናመሰግናለን፤ ሰዎቹ የጠየቁት ግን መኪና ነው። አሁን ርትቬሊ የሚሉት የወይን ለቀማ ወቅት ስለሆነ ሹፌሩ ወደ አጎቱ ማሳ ሄዶ ይሆናል።

መንገደኛ፦ ያለነው ካኬቲ ውስጥ፣ ሲግናጊ ከተማ ነው። ሁለታችንም መንዳት እንችላለን፤ ሁለታችንም ግን መቅመስ እንፈልጋለን።

ነገረ ፈጅ፦ ሲግናጊ ተቀምጦ ሰው የማይበዛበት መንገድ መፈለግ ግራ ያጋባኛል፤ ከትብሊሲ የሚመጣ የጉብኝት አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ይቆማል። በእውነት ጸጥ ያለ ቦታ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ ኽቫንችካራ የተባለው ከፊል ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ ወደሚሠራበት ወደ ራቻ።

ሰላመ ጉዞ፦ ነገ ማታ ቴላቪ የሚያድርን ሰው ወደ ራቻ መላክ ምን ይረዳዋል? ሁለታችሁም ከቀመሳችሁ ማናችሁም መሪ አትያዙ። ያረፋችሁበትን ቤት ባለቤት አሁኑኑ ጠይቁ፤ የሚያውቁት ሹፌር አይጠፋም።

ተስፋ ሰጪ፦ የቤቱን ባለቤት ጠይቁ። ሹፌር ያገኙላችኋል።

ፌዘኛው፦ ይህን ምክር የሆነ ቦታ ያነበብኩት ይመስለኛል።

ተመላላሽ፦ ሹፌር ካልተገኘ በታክሲ ወደ ጽኖሪ ውረዱ፤ ከሲግናጊ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። በጉርጃኒ በኩል ወደ ቴላቪ የሚሄደው ሚኒባስ፣ በእነርሱ አጠራር ማርሽሩትካ፣ በዚያ መስመር ያልፋል። በመንገዱ ላይ ቬሊስጺኼ የምትባል አሮጌ ጓዳዎች ያሏት መንደር አለች፤ ነገር ግን ስለ ሻንጣችሁ ምንም አላላችሁም። ሻንጣ ከያዛችሁ እዚያ መውረዱን ትታችሁ በጠዋት ቴላቪ ግቡ፤ ዕቃችሁን አስቀምጡና ለግማሽ ቀን ታክሲ ተኮናተሩ፤ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ቁረጡ። ገጣሚው አሌክሳንደር ቻቭቻቫዜ ይኖርበት የነበረው የጺናንዳሊ ርስት ከከተማው ብዙ አይርቅም። በሌላ አቅጣጫ ጥንታዊው የኢካልቶ ገዳምና መነኮሳቱ እስከ ዛሬ ወይን ጠጅ የሚጠምቁበት የአላቬርዲ ገዳም አሉ። የምትፈልጓቸው አነስተኛ ጓዳዎች ግን አብዛኞቹ የሰው መኖሪያ ግቢዎች ናቸው፤ በለቀማ ሰሞን ሳይደውሉ መሄድ ሥራ ማስፈታት ነው። አስቀድማችሁ ካስደወላችሁ ፍሬው ሲረገጥ ልታዩ ትችላላችሁ፤ ይህም ከማንኛውም ቅምሻ ይበልጣል። የቀመሳችሁትን ሁሉ አትዋጡ፤ መትፋት ነውር አይደለም።

ጋን ወዳድ፦ ሳፔራቪ ከተባለው ወይን የሚሠራውን ቀዩን ከነጩ በፊት እንዳትቀምሱ፤ ነጩን ይሸፍንባችኋል።

ነገረ ፈጅ፦ በአላቬርዲው እስማማለሁ። ስለ ሲግናጊ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ተስፋ ሰጪ፦ ቀብዱስ ተመለሰላችሁ?

ፌዘኛው፦ ጠያቂው ጠፉ። ሹፌር አግኝታችሁ ከሆነ ስልኩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ቅዳሜ እኔም እዚያ ነኝ፤ የእኔም ሹፌር ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሳም።