የፋርስ ስጋጃ የየትኛው አካባቢ ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ ሳለሁ የገዛሁት፣ መደቡ ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ ባለ ማዕዘን ትልቅ ጌጥ ያረፈበት የበግ ፀጉር ስጋጃ አለኝ። ነጋዴው የኢራኗ ከተማ የታብሪዝ ሥራ ነው ብሎኛል፤ ነገር ግን ሌላ ቦታ ያየሁት የታብሪዝ ስጋጃ ሐረጉ ክብና እጅግ ደቃቅ ነበር። አካባቢውን ለመለየት ቋጠሮውን ማየት ይበቃል?

መላሽ 1፦
አይበቃም። ክሩ ሁለቱንም ድሮች የሚጠመጥምበት የቱርክ ቋጠሮ፣ አንዱን ድር ብቻ ዞሮ በሌላው ሥር የሚያልፍበት ደግሞ የፋርስ ቋጠሮ ይባላል። ሁለተኛውን ብዙዎች በሰነ ከተማ፣ በዛሬዋ ሳናንዳጅ ስም ይጠሩታል፤ የሚያስደንቀው ግን የሳናንዳጅ ኩርዶች ራሳቸው የሚቋጥሩት በቱርኩ መንገድ መሆኑ ነው። የታብሪዝ ሠራተኞችም ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ ቢላዋ ክሩን እየሳቡ የቱርኩን ይቋጥራሉ፤ ኢስፋሃንና ካሻን ግን የፋርሱን ያዘወትራሉ።

እንደ ገለጻዎ ከሆነ ስጋጃዎ የሄሪዝ ይመስለኛል። ሄሪዝ ከታብሪዝ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ስትሆን ሥራዋ ለገበያ የሚወጣው በታብሪዝ በኩል ስለነበረ፣ ነጋዴው የነገረዎት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቋጠሮው ወፍራም በመሆኑ ክብ ሐረግ ማዕዘን ይዞ ይወጣል። በታብሪዝ የጥራት መለኪያው «ረጅ» ሲሆን፣ 50 ረጅ ማለት በ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ 50 ቋጠሮ ማለት ነው። ስጋጃውን ገልብጠው፣ ማስመሪያ አስጠግተው ይቁጠሩት።

መላሽ 2፦
እኔ ደግሞ ዘርፉን ይመልከቱ እላለሁ፤ ዘርፍ የድሩ ጫፍ ነውና። ጥጥ ከሆነ የከተማ ወይም የመንደር ሥራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በኢራን ውስጥ ፋርስ በተባለው አውራጃ የሚኖሩ የቃሽቃይ ዘላኖች ግን በጎቻቸውን ሸልተው ድሩንም ከዚያው ከፀጉሩ ይፈትላሉ፤ የሚሠሩትም መሬት ላይ በተዘረጋ፣ በጉዞ ጊዜ ተነቅሎ በሚጫን መሸመኛ ነው። ክሩ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚነከር በአንድ ቀይ መደብ ላይ ደመቅና ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ገዢ ሳይ አዝናለሁ፤ ለእኔ የስጋጃው ውበት እዚያ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የፋርስ አውራጃንና የካሻንን የስጋጃ ሙያ ለየብቻ ነው፤ አሠራራቸው በእርግጥም ይለያያል።

መላሽ 1፦
በዘርፉ እስማማለሁ፤ ሆኖም በፊርማ አይታለሉ። ለንደን የሚገኘው የአርደቢል ስጋጃ 946 ዓመተ ሂጅራ የሚል ቀንና የመቅሱድ ካሻኒ ስም ተሸምኖበት እያለ፣ የት እንደተሠራ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የጀርባውን ፎቶግራፍ ከቅርብ አንሥተው ቢለጥፉልን ድሩንና ማጉን አብረን እናያለን።