«ተጠፋፋን» ስንል የጠፋው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ውጭ ሀገር ነው ያደገው። ባለፈው እናቴ በስልክ «ምነው የኔ ልጅ፣ ጠፋህ?» ብትለው «አልጠፋሁም እማዬ፣ እቤት ነኝ» አላት። ሳቅን። ግን እንዴት ላስረዳው? «ጠፋህ»፣ «ተጠፋፋን»፣ «የውሃ ሽታ ሆንክ» አንድ ናቸው?

መልስ፦ ኧረ አይደሉም። «ጠፋህ» ወቀሳ ነው፤ ግን የናፍቆት ወቀሳ። የማይፈለግ ሰው ማን ጠፋህ ይለዋል? መልሱም «አለሁ» ነው እንጂ የት እንደከረሙ መዘርዘር አይደለም።

«ተጠፋፋን» ደግሞ ብልጥ ቃል ነው። ያ የ«ፋ» መደጋገም ነገሩን የጋራ ያደርገዋል፤ እንደ «ተረሳሳን»፣ እንደ «ተነፋፈቅን»። «ጥፋት» እና «ጠፋ» አንድ ሥር እንዳላቸው ልብ በል። እና «ተጠፋፋን» ያለ ሰው ጥፋቱን ለሁለት አካፈለ ማለት ነው። እኔ ስልክ ሳላነሳ ስከርም የማመልጠው በዚህ ነው።

«የውሃ ሽታ» ይከብዳል። ውሃ አይሸትም፤ ተከትለኸው የምትደርስበት ነገር የለም። ሳምንት ለጠፋ ጓደኛ ከተባለ ለቀልድ ነው። ከዚያ የሚብሰው «የበላው ጅብ አልጮኸም» ነው። እሱ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ወሬውም ሲጠፋ ነው። ልጇ የጠፋባት እናት ፊት ግን እንዳትሞክረው።

ሌላ መልስ፦ አንዳንዴ ጥፋተኛም የለም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የሀገራችን ስልክ ቁጥሮች ሲቀየሩ፣ ባለ6 አሃዙ የአዲስ አበባ የቤት ቁጥር 7 አሃዝ ሆነ፤ ፊቱም 011 ገባ። አረብ ሀገር የነበረ አጎቴ ይህን አልሰማም። የድሮዋን ደብተር ይዞ ወራት ሙሉ ደወለ። «ሰዎቹ የውሃ ሽታ ሆኑ» ይል ነበር። ሰዎቹ እዚያው ቤታቸው ቡና ያፈላሉ። በሰፈሩ ወሬ ደግሞ የውሃ ሽታ የሆነው እሱ ነው!

እሱን «ጠፋ» ከማለት «ወሬው አመለጠው» ማለት ይሻላል። ዘመኑ ያመለጠውን ሰው የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ቃል «ፋራ» ይለዋል። ለአጎቴ ግን ትንሽ ግፍ ነው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ልጁን «አለሁ» በል ብዬ አስጠናሁት። ትናንት ደውሎ «አለሁ እማዬ» አላት። «የት?» አለችው።