ለሥነ ጽሑፍና ለሕክምና ጥምር የዶክትሬት ጥናት የሕዝብ ገንዘብ ሊወጣ ይገባልን?

አወያዩ፦
የዛሬው የመከራከሪያ ጥያቄያችን በብሪታንያ ሥነ ጽሑፍን ከሕክምና ሂዩማኒቲስ፣ ማለትም ሕመምንና ሕክምናን በሥነ ጽሑፍ፣ በታሪክና በመሳሰሉት በኩል ከሚመረምረው ዘርፍ ጋር አጣምሮ ለሚሠራ የዶክትሬት ጥናት ግብር ከፋዩም ሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሙሉ ወጪ መሸፈናቸው ተገቢ ነው ወይ የሚል ነው። ለመነሻ ያህል፣ በመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች የሚደገፍ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2025/26 የትምህርት ዘመን ከግብር ነጻ የሆነ ቢያንስ 20,780 ፓውንድ ዓመታዊ የኑሮ አበል ያገኛል፤ የትምህርት ክፍያውም ይሸፈንለታል። ከ2021 ጀምሮ ከሌላ ሀገር የሚመጡ አመልካቾች እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ሊይዙ ስለሚችሉ ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በአንጻሩ የሥነ ጥበባትና የሂዩማኒቲስ የምርምር ምክር ቤት በየዓመቱ የሚደግፋቸውን የዶክትሬት ተማሪዎች ቁጥር ከ425 ወደ 300 ለማውረድ አቅዷል። ቦታው እየጠበበ ሲሄድ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ያከራክረናል፤ ከጉዳዩ እንዳንወጣ አደራ እላለሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የሕዝብ ጤና ባለሙያው፣ ከአዲስ አበባ፦
እኔ የምቃወመው ሥነ ጽሑፍን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው። በሀገራችን ለ10,000 ሰው የሚደርሰው አንድ ሐኪም ያህል ብቻ በሆነበት ሁኔታ፣ ከመካከላችን ጎበዝ የተባለ አንድ ወጣት ተመርጦ ስለ ሕመም የተጻፉ ልብ ወለዶችን ሲመረምር ሦስት ዓመት ተኩል እንዲቀመጥ ማበረታታት ይከብደኛል። ገንዘቡ የእንግሊዞች ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ የልጁ ዕድሜ ግን የእኛ ነው። የቡታጅራን ጥናት ተመልከቱ፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ 68,378 ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጋር ተባብሮ በአእምሮ ጤና ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሕመሙ ስርጭት ጥናት፣ የዶክትሬት ትምህርት ከፍቷል። ይህ ለበጀት ክርክር የሚቀርብ፣ ተቆጥሮ የሚታይ ሥራ ነው። በልብ ወለድ ትንታኔ የተሻለው በሽተኛ ካለ ግን እስቲ ይቅረብልኝ።

የዶክትሬት ተማሪዋ፣ ከሰሜን እንግሊዝ፦
የምኖረው በእንዲህ ያለ ድጋፍ ስለሆነ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ይሁን እንጂ ጥናቱ ልብ ወለድ ከማንበብ አያልፍም መባሉ ሥራውን ከማያውቅ ሰው የሚጠበቅ እንጂ ከእርስዎ የምጠብቀው አልነበረም። ለመመዝገብ ብዙ ጊዜ ከሥነ ጽሑፍ ክፍል አንድ፣ ከሕክምና ወይም ከሥነ ልቦና ክፍል አንድ አማካሪ ያስፈልጋል። ታማሚዎችን ማነጋገር ካለብን ደግሞ ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ እስኪመጣ ወራት እንጠብቃለን። ምሳሌ ከፈለጉ በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ከ2012 እስከ 2022 የጤና ምርምርን በሚደግፈው የበጎ አድራጎት ድርጅት በዌልካም ትረስት ገንዘብ የተካሄደውን፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ስለሚሰሙ ሰዎች ያጠናውን ፕሮጀክት ልጥቀስ። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ሐኪሞችና ድምፁ የሚሰማቸው ሰዎች ራሳቸው በአንድነት ሠርተውበታል። በ2014 እና በ2018 በኤድንብራ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ 181 ደራስያንን ጠይቀው ከእነዚህ መካከል 63 በመቶው የገጸ ባሕርያቶቻቸው ድምፅ እንደሚሰማቸው መናገራቸውን አሳይተዋል። ይህ እንደ ጨዋታ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ድምፅ መስማት ሁሉ በአንድ የሕመም ስም የሚጠቃለል አለመሆኑን ለሐኪም ለማስረዳት ትልቅ መነሻ ነው። ፕሮጀክቱ በ2019 ለታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የሚያገለግል የመረጃ ገጽ ይፋ አድርጓል። እንግዲህ እርስዎ የጠየቁት ይቅረብልኝ ይህን ይመስላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ ከለንደን፦
እኅቴ ያነሳችው ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ግን አሥር ዓመት የፈጀ፣ ብዙ ሰው የተሳተፈበት ፕሮጀክት እንጂ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አይደለም። እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። ሐኪም የታማሚን ታሪክ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ እንዳለበት በየቀኑ በሥራዬ አየዋለሁ፤ የብሪታንያ የሐኪሞች ጠቅላላ ምክር ቤትም በ1993 ባወጣው የሥልጠና መመሪያ ተማሪው መርጦ ለሚወስዳቸው ትምህርቶች ቦታ እንዲተው በማድረጉ ሥነ ጽሑፍም ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚገባበት በር ተከፍቷል። ነገር ግን ለዚህ ጥቂት ሳምንታት የሚፈጅ ኮርስ ይበቃል። ልብ ወለድ ማንበብ የሐኪምን ርኅራኄ ይጨምራል የሚሉት ጥናቶች አብዛኛዎቹ በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተሠሩ፣ ተማሪው ስለ ራሱ በሰጠው መልስ የሚለኩና ከኮርሱ ማግስት የማያልፉ በመሆናቸው እኔ ብዙም አልተማመንባቸውም።

ሐኪሙንና ደራሲውን አብርሃም ቨርጊስን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1955 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ሕክምናን እዚያው ጀምሮ በአብዮቱ ምክንያት አቋርጦ የሄደ ሰው ነው። ደራሲ የሆነው አይዋ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የድርሰት ትምህርት ተምሮ ነው። በ2002 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የሕክምና ሂዩማኒቲስና የሥነ ምግባር ማዕከል ሲያቋቁም የሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት አላስፈለገውም።

የዶክትሬት ተማሪዋ፣ ከሰሜን እንግሊዝ፦
ዶክተር፣ እርስዎ ቨርጊስን ካነሱ እኔ ሪታ ሻሮንን ላንሳ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆና ሳለች በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቷን በ1999 አገኘች፤ በማግስቱ ዓመትም ዛሬ በብዙ ሀገር የሚኮረጀውን የትረካ ሕክምና ፕሮግራም፣ ማለትም ሐኪሞች የታማሚን ታሪክ በጥሞና ማዳመጥና መረዳት የሚማሩበትን፣ እዚያው አቋቋመች። እርስዎ ይበቃል የሚሉትን የጥቂት ሳምንታት ኮርስ የሚያስተምረው ሰው ከየት ይመጣል? ታማሚ ታሪኩን ከየት እንደጀመረ፣ ምን እንደዘለለ፣ ሕመሙን ስለ ራሱ እያወራ ይሁን ወይስ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር አድርጎ እየገለጸ መለየት ከብዙ ንባብ የሚገኝ ሙያ ነው። የጥናቶቹን ደካማነት በተመለከተ ግን እስማማለሁ፤ ስለ ርኅራኄ ብቻ እየተናገሩ ገንዘብ የሚለምኑ ማመልከቻዎች እኔንም ያሰለቹኛል።

የግእዝ ጽሑፎች ተመራማሪው፣ ከጎንደር፦
እስካሁን የሰማሁት ክርክር ሥነ ጽሑፍ ሲባል ልብ ወለድ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ነው። በእኛ ሀገር የመድኃኒት መጻሕፍቱን የገለበጠው፣ ክታቡን የጻፈው፣ ቅኔውንም የተቀኘው ብዙ ጊዜ ያው አንድ ደብተራ ነው፤ መልክአ ቅዱሳኑ፣ ጸሎቱና የሥራ ሥሩ አዘገጃጀት በአንድ ብራና ላይ ተደባልቀው ይገኛሉ። ለንደን በሚገኘው የዌልካም ስብስብ ውስጥ የኢትዮጵያ ብራናዎችና ክታቦች አሉ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ስቴፋን ስትረልሲን ዝርዝራቸውን በ1972 አሳትሟል። ዝርዝር ግን ንባብ አይደለም። ጽሑፉን የሚያውቀው የግእዝ ሊቅ ስለ ሕመሙ አይጠየቅም፤ ሐኪሙ ደግሞ ግእዙን አያነብም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የሚገኘው እንዲህ ባለው ጥምር ጥናት ነው።

ይህን ስል ድጋፉ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጥ ማለቴ አይደለም። የሚደገፉትን ርዕሶች ሳያቸው አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሕመም ማስታወሻዎችን የሚመረምሩ ናቸው። ከእኛ የሚሄደው ልጅ እዚያ ደርሶ የእነሱን ልብ ወለድ ተንትኖ የሚመለስ ከሆነ የአዲስ አበባው ወንድማችን ቁጣ ትክክል ይሆናል።

የሕዝብ ጤና ባለሙያው፣ ከአዲስ አበባ፦
መምህር፣ ስለ ብራናው የተናገሩት ለታሪክ ጥናት በጀት ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ በታሪክ ስም ቢጠየቅ እኔም እፈርማለሁ። ጥያቄዬ ግን በሕክምና ስም ለምን ይጠየቃል የሚል ነው። ሕክምና የሚለው ቃል በማመልከቻ ላይ ሲገባ ገንዘብ ማግኘትን ስለሚያቀልል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የዶክትሬት ተማሪዋ፣ ከሰሜን እንግሊዝ፦
ጥርጣሬዎ መሠረት አለው፤ እንደዚያ የሚያደርጉም አሉ። ነገር ግን የእንጦጦን ነገር ያስታውሱ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንኳ በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሰዎች ክኒኑን መውሰድ እምነትን ማጉደል ስለመሰላቸው ትተውት ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ ቁጥሩም ይታወቅ ነበር። የጎደለው ሰዎቹ ስለ ሕመማቸውና ስለ መዳናቸው የሚናገሩትን ታሪክ ሰምቶ ክኒኑ በዚያ ታሪክ ውስጥ የት ቦታ ሊኖረው እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነበር።

የሕዝብ ጤና ባለሙያው፣ ከአዲስ አበባ፦
ያንን ቦታ ያገኙለት ግን አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። የማንም የሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት አላስፈለገም።

የግእዝ ጽሑፎች ተመራማሪው፣ ከጎንደር፦
ፓትርያርክ በየበሽታው አይገኝም፣ ወንድሜ። ለሚጥል በሽታና ለአእምሮ ሕመም ዛሬም በየጠበሉ የሚጠብቁትን ማን ያነጋግራቸው?

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ ከለንደን፦
ክርክሩ እዚህ ከደረሰ አቋሜን ላጥብብ። ድጋፉ ይቀጥል፤ ነገር ግን ሁለተኛው አማካሪ ስሙን ብቻ የሚያውስ ሳይሆን በሽተኛ የሚያክም ሐኪም ይሁን፤ ተማሪውም ከሦስት ዓመት ተኩሉ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት የሚያጠናው ቋንቋ በሚነገርበት ክሊኒክ ያሳልፍ። ጎንደርም ሆነ አማኑኤል ሆስፒታል ለመሥራት ፈቃድ ካገኘ፣ ከሕክምናው በኩል አማካሪ ሁን ብትሉኝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

የሕዝብ ጤና ባለሙያው፣ ከአዲስ አበባ፦
አንድ ዓመት አይበቃም፤ ሁለት ይሁን። የጥናቱ የአማርኛ ማጠቃለያም ለፈታኞቹ ከመቅረቡ በፊት እዚያው ክሊኒክ ላሉት ነርሶች ይቅረብ። እነሱ ይረባናል ካሉ ተቃውሞዬን አነሳለሁ።